ስድስት ሰዓት አንብባ ጭንቅላቷ ውስጥ ምንም ያልቀረላት ልጅና የተሰጧት መልሶች

ባለፈው ሰሞን ጎንደር የተማርን ሰዎች በምንገናኝበት የውይይት መድረክ ላይ አንዲት ልጅ ጥያቄ ጣለች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ መልሱ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት 31 ደርሷል። ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ተከታትለው የመጡትን መልሶች፣ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ የሌላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። መሀል ላይ ጠብ አለበት፣ ስለ ፎቶኮፒ ዋጋ የተወራም አለበት። ግን እዚያ ውስጥ ማንም ተማሪ ሳያየው ሊያልፍ የማይገባ ነገር ስላለ፣ ማን ምን እንዳለ በየተራ ቁጥሩ ልንገራችሁ።

ልጅቷ የሁለተኛ ዓመት የጤና ተማሪ ናት፤ የመጣችው ከደንቢያ ነው። ሃይስኩል እያለች ከክፍሏ አንደኛ እንደነበረች ጻፈች። ይህን ያለችው ለጉራ እንዳልሆነ ቀጥላ ከጻፈችው ያስታውቃል። አሁን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይብረሪ ትገባለች፤ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ታነባለች። ሃንድአውቷ (መምህሩ ያደላት ጽሑፍ) ከዳር እስከ ዳር በሃይላይተር ቢጫ ሆኗል። ጠዋት ተነስታ ትናንት ምን እንዳነበበች ራሷን ስትጠይቅ ግን ትዝ የሚላት ርዕሱ ብቻ ነው። ባለፈው ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ላይ አንድ የፊዚዮሎጂ ጥያቄ ስታይ፣ መልሱ በየትኛው ገጽ፣ በየትኛው ጥግ እንደተጻፈ ሳይቀር አስታወሰች። መልሱ ራሱ ግን አልመጣላትም። ችግሩ ከጭንቅላቷ ይሁን ከአነባበቧ እንድንነግራት ነው የጠየቀችን።

የገጹን ጥግ አስታውሶ መልሱን ማጣት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ የተከታተልኩት።

ቁጥር 1 አጭርና መልካም ነበር። እንድትጸልይ፣ በደንብ እንድትተኛ፣ ራሷን እንዳታስጨንቅ መከራት። ስለ እንቅልፉ ትክክል ነው፤ ጥያቄዋን ግን አልመለሰም። ቁጥር 2 ላይ የመጣው ሰውዬ ቆጣ ብሎ ነበር የጻፈው። በእነሱ ጊዜ እስከ ንጋት ይቸክሉ እንደነበር፣ ችከላ አቋራጭ እንደሌለው፣ የዛሬ ልጆችን ያጠፋቸው ቲክቶክ እንደሆነ ዘረዘረ። ቁጥር 3 ላይ ሌላ ልጅ ወዲያው መለሰችለት። ስድስት ሰዓት የተቀመጠችን ልጅ ትጋት የላትም ማለት ጽሑፉን አለማንበብ እንደሆነ ነገረችው። ልክ ናት። ችግሩ የሰዓት ማነስ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ባልመጣ ነበር።

ቁጥር 4 ሳይኮሎጂ የተማረ ሰው ነው። ረጅም ጻፈ፤ ረጅም መጻፉም ጠቀመ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሳተሙትን ጥናት አነሳ። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ያነባሉ። ከዚያ አንዳንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላውን ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ይደረጋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግሞ ማንበቡ በለጠ፤ 81 ከመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት የቀራቸው 42 ከመቶ ሲሆን፣ ሳያዩ ከጻፉት ግን 56 ከመቶ ያህሉ ቀርቷቸዋል።

ይሄ ሰው ልጅቷን የሚያታልላት የሌሊቱ ስሜት እንደሆነ አስረዳ። ገጹን ለሦስተኛ ጊዜ ስታየው ዓይኗ ይለምደዋል፤ የለመደችውን ነገር ያወቀችው ይመስላታል። ፒያሳ ላይ መልኩን በደንብ የምናውቀው ሰው ሰላም ሲለን ስሙ እንደሚጠፋብን ማለት ነው። መልኩን መለየትና ስሙን መጥራት ለየቅል ናቸው፤ ፈተና የሚጠይቀው ደግሞ ስሙን ነው።

ቁጥር 5 ራስን ለመፈተን ጥያቄ ከየት ይገኛል፣ ያለፉ ዓመታት ወርክሺት ያለው ካለ ቴሌግራም ላይ ይላክልኝ አለ። ቁጥር 4 ተመልሶ በቁጥር 6 መለሰለት። ምንም ወርክሺት አያስፈልግም። ሃንድአውቱን መዝጋት፣ ባዶ ወረቀት ማውጣት፣ የቀረውን መጻፍ፣ ከዚያ ከፍቶ ማመሳከር ነው። ነገሩ ይሄው ነው።

ቁጥር 7 ላይ የጻፈችው ልጅ በሃይላይተር ኤ እያመጣች እንደተመረቀች ገልጻ ተከራከረች። ቁጥር 4 በቁጥር 8 ሲመልስላት ትንሽ ኮራ አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደንሎስኪ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 10 የአጠናን ዘዴዎችን መርምሮ፣ በሃይላይተር ማስመርንና ደጋግሞ ማንበብን ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው ጋር እንደመደባቸው ነገራት። ከፍተኛውን ያገኙት ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት ማከፋፈል ናቸው። መረጃው ትክክል ነው። ድምፁ ግን ልጅቷን ዝም አሰኛት፣ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም፣ ይሄ አሳዝኖኛል።

ቁጥር 9 የኔ ነው። ፍሬሽማን እያለሁ አንዱን ኮርስ ሃንድአውቱን አምስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ገባሁ። ጥያቄው ከሃንድአውቱ በተለየ አባባል ሲመጣ እጄ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ውጤቱ ሲለጠፍ ለእናቴ ስልክ ለመደወል ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እኔም እንደዚህች ልጅ ችግሩ ከጭንቅላቴ ነው ብዬ አምኜ ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር የዶርም ጓደኛዬ ማታ ማታ ወደ ካፌ ስንወርድ ዛሬ ምን እንዳነበብኩ እንድነግረው ይጠይቀኝ ጀመር፤ እሱ ማንበብ ስለሚሰለቸው ነው። እየተራመድኩ እነግረዋለሁ። የተደነቃቀፍኩበትን ስመለስ ከፍቼ አያለሁ። ፈተና ላይ የመጣልኝ ለእሱ የነገርኩት ነበር፤ ያልነገርኩት አልመጣም። እና ለቁጥር 7 እህቴ ለመመለስ ያህል፣ ሃይላይተሩን መጣል አያስፈልግም ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ይነበብ፣ ይዘጋ፣ ይነገር፤ ከዚያ መናገር ያቃተን ቦታ ብቻ ይቀባ። ያኔ ቢጫው ያልተከፈለ ዕዳ ያለበትን ቦታ ያሳየናል። ሙሉ ገጹ ቢጫ ከሆነ ግን የሚያሳየን ነገር የለም።

ቁጥር 10 ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የጤና መኮንን ጻፉ። በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ገና በራሱ ስም ሲጠራ እዚያ ከተማሩት ናቸው። ልጅቷን ልጄ እያሉ ነው የጻፉላት። መምህራቸው ያስተማሯቸው አምስት ደረጃ ያለው ዘዴ እንደነበር፣ ዘዴውን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ሮቢንሰን የሚባል የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰው እንደሆነ ተረኩ። መጀመሪያ ምዕራፉን መቃኘት ነው፤ ርዕሶቹን፣ ሥዕሎቹን፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ማጠቃለያ፣ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይፈጅ። ሁለተኛ እያንዳንዱን ርዕስ ወደ ጥያቄ መለወጥ። ሦስተኛ ያንን ጥያቄ ለመመለስ ማንበብ። አራተኛ ቀና ብሎ መልሱን በራስ አንደበት መናገር። አምስተኛ በማግስቱ መከለስ። አራተኛው ከተዘለለ የቀሩት አራቱ ከንቱ ድካም እንደሆኑ አስጠነቀቋት። አንድ መጽሐፍ ለብዙ ሰው ይደርሳቸው እንደነበርም ነገሩን። ስለዚህ አንዱ አንድ ምዕራፍ ያነብና ለሌሎቹ ያስረዳል። ያኔ እንደ ችግር ያዩት ነበር፤ አሁን ሲያስቡት እሱ ነው ያስተማራቸው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተረበሸ። ቁጥር 11 በደቂቃ 1000 ቃል ማንበብ የሚያስችል ሥልጠና እሰጣለሁ የሚል ሰው ነው፤ ስልኩንም አስቀምጧል። ቁጥር 12 ላይ አንዱ በደንብ ነገረው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሬይነርና ባልደረቦቹ ፈጣን ንባብን የተመለከቱ ጥናቶችን ሰብስበው የደረሱበት መደምደሚያ ፍጥነት ሲጨምር መረዳት እንደሚቀንስ ነው። የተማረ አዋቂ በራሱ ቋንቋ እየተረዳ ሲያነብ በደቂቃ ከ200 እስከ 400 ቃል አካባቢ ነው። በሌላ ቋንቋ የምታነብን የተጨነቀች ልጅ በ1000 ቃል ተስፋ ማታለል ነውር እንደሆነም ጨመረለት። ቁጥር 13 ላይ ባለሥልጠናው ተሳደበ። ቁጥር 14 አስተባባሪው ነው፤ ስልኩንም ስድቡንም አጠፋ። አስተባባሪው ደግ አደረገ።

ቁጥር 15 ላይ የመጣው ልጅ ነገሩን ሁሉ ቀየረው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቴዎድሮስ ካምፓስ የሚማር ነው፤ በንዴት ነበር የጻፈው። እስካሁን ሁላችንም ስናወራ አማርኛ የምታነብ አስመስለን ነው። የሴንት ሉዊሶቹ ተማሪዎች በአፋቸው በፈቱበት ቋንቋ ነው ያነበቡት። እኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረናል ቢባልም፣ መምህሩ በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ በአማርኛ ያስረዳል፣ እኛ እንገለብጣለን፤ ብቻችንን ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ጋር የተፋጠጥነው ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ነው። ስለዚህ ከስድስቱ ሰዓት አራቱን የሚበላው ቃል መፍታት ሊሆን ይችላል። ልጅቷ ሃሳቡ ጋ ሳትደርስ ነው የሚደክማት። ይህን ሳናነሳ ስለ ዘዴ መምከር የተራበን ሰው ስለ ጉርሻ አያያዝ እንደማስተማር ሆኖ ታይቶታል።

አነጋገሩ ይከረክር ነበር፤ ግን እውነት ነው። እኔም ቁጥር 9 ላይ ይህን መርሳቴ ቆጭቶኛል።

ቁጥር 16 መፍትሔው እያንዳንዱን የማያውቁትን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጎ ከመስመሩ በላይ ትርጉሙን መጻፍ ነው አለ። ቁጥር 17 ይህንን አንድ ሴሚስተር ሙሉ እንደሞከረችው፣ ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ስትደርስ መነሻው እንደሚጠፋባት ተናገረች። የሷ ዘዴ ሌላ ነው። መጀመሪያ አንቀጹን ሳትቆም ትወጣዋለች። ከዚያ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ የመጣውን ቃል ብቻ ትፈልጋለች፤ ያ ቃል የምዕራፉ አጥንት ስለሆነ። ግን ትንንሾቹን መገጣጠሚያዎች ፈጽሞ አታልፋቸውም። አንለስ (ካልሆነ በቀር)፣ ኤክሰፕት (በስተቀር)፣ ዌርአዝ (በአንጻሩ)፣ ሃውኤቨር (ይሁን እንጂ) የሚሉትን። ሁሉም ተማሪ ከባድ የሚመስለውን የላቲን ስም ያጠናል፤ ፈተና ላይ የሚጥለው ግን አንለስ የምትለዋን ማለፍ ነው። መድኃኒቱ ለታካሚው ይሰጣል የሚለውና ኩላሊቱ ካልታመመ በቀር ይሰጣል የሚለው በአንዲት ቃል ነው የሚለያዩት። ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከክሩ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ለፍሬሽ ተማሪ ይህን እሰጠው ነበር።

ቁጥር 18 ጣቱን ወደ አብነት ትምህርት ቤት ቀሰረ። ሳይገባን የምንሸመድደው ከቆሎ ተማሪ የወረስነው ነው፤ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ አንድ ቃል ሳይገባው የሚያድግ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም ሃንድአውት እንደ ዳዊት ይደግማል አለ።

ቁጥር 19 ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ነው፤ ቀላል አልተቆጣም። ስለማያውቁት ነገር ከመጻፍ በፊት አንድ ቅኔ ቤት ሄዶ ማየት እንደሚያስፈልግ ነገረው። ቅኔ ቤት ሽምደዳ አያዋጣም። ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ከራሱ ደርሶ፣ ነው የኔታ ፊት የሚቀርበው፤ የትናንቱን ቢደግም፣ የሌላውን ቢያመጣ ያፍራል። ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ከራሱ ጋር የሚታገለው ለዚህ ነው። ቁጥር 20 ላይ የቁጥር 18ቱ ልጅ ስለ ቅኔው ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን አያቱ ዳዊትን በቃላቸው እያነበነቡ ግዕዙን እንደማይሰሙት፣ ይህም እውነት እንደሆነ አጥብቆ ያዘ። ቁጥር 21 ላይ የቅኔው ሰው ረጋ ብሎ ተመለሰ። ንባብ ቤት ላይ የቆመ ሰው እንደዚያ እንደሚሆን አምኗል። ግን ትምህርቱ እዚያ አያልቅም፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚማሩበት መጽሐፍ ቤት አለ። እዚያ አንዱ ተማሪ ግዕዙን ያነባል፣ መምህሩ በአማርኛ ይተረጉመዋል፣ አንድም ይላል፣ ሌላ ፍች ያመጣል፣ እንደገና አንድም ይላል። ከጉባኤው በኋላ ተማሪዎቹ ተሰብስበው የሰሙትን ከመጽሐፉ ሳያዩ እርስ በርስ ይመላለሱታል። የተሳሳተውን ጓደኛው ያርመዋል።

ይህን ሳነብ ልቤ ዘለለ። ቁጥር 15 የጠየቀው መልስ ይሄ ነው። በአንዱ ቋንቋ የተጻፈን መጽሐፍ በሌላ ቋንቋ እየፈታ፣ በአንደበቱ እየተናገረ የሚያጠና ተማሪ እዚህ ከተማ ለዘመናት ኖሯል። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የአንድምታ ስልቶች ጎንደር ውስጥ የተደራጁ ናቸው። እኛ ግን ማራኪ ካምፓስ ቁጭ ብለን የእንግሊዝኛውን ገጽ በእንግሊዝኛ ዝምታ እናየዋለን። ገጹን ዘግቶ በአማርኛ ይህ ምን ማለት ነው ብሎ ለጓደኛ መናገር ለብዙዎቻችን እንደ ደካማ ተማሪ ሥራ ይታየናል። ለምን እንደዚያ እንዳሰብን እንጃ። በእናቱ ቋንቋ ማስረዳት ያልቻለውን ነገር ማን ተረድቻለሁ ሊል ይችላል?

ቁጥር 22 ጠያቂዋ ራሷ ናት። ሞክራዋለች። ስለ ኩላሊት አራት ገጽ ብቻ አንብባ ዘጋች፤ ኢኮኖሚክስ ለምትማር የዶርም ጓደኛዋ በአማርኛ ነገረቻት። ኩላሊት ውስጥ ግሎመሩለስ የሚባለው የደም ሥር ጥቅል እንደ ጠላ ማጥለያ መሆኑን፣ የደም ሴሎችና ትልልቆቹ ፕሮቲኖች እንደ አተላ ከላይ እንደሚቀሩ፣ ውሃው፣ ጨውና ስኳሩ እንደሚያልፍ አስረዳቻት። ጓደኛዋ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። ውሃው ቀኑን ሙሉ እንዲያ ከወረደ ለምን አንደርቅም? መመለስ አቃታት። ተመልሳ ከፈተችው። በቀን 180 ሊትር ያህል እንደሚጣራ፣ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ እንደሆነ፣ ሌላው በሙሉ በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች በኩል ወደ ደም እንደሚመለስ አገኘች። ገጹን ቀድሞ ሦስት ጊዜ አንብባው፣ ቁጥሩንም ቢጫ ቀብታው ነበር። በጥያቄ ተይዛ ስታየው ግን ከዚያ ወዲያ ከአእምሮዋ አልወጣም።

ቁጥር 23 ላይ ጡረተኛው የጤና መኮንን ደስ ብሏቸው መጡ፤ እርማትም ይዘው። ጠላ ስናጠል የምንፈልገው የወረደውን ነው፣ አተላውን እንደፋለን። ኩላሊት ላይ ግን ከላይ የቀረው ደም ራሱ ነው፣ የሚደፋ አይደለም። ስለዚህ ምሳሌው እስከ ማጥለሉ ድረስ ይዟት ይሂድ፣ እዚያ ላይ ትልቀቀው። ስኳሩም ቢሆን በጤነኛ ሰው ላይ ወርዶ አይቀርም፤ ቱቦዎቹ ይመልሱታል። ደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ግን መመለሱ ከአቅማቸው በላይ ይሆናል፤ የስኳር ሕመምተኛ ሽንት ላይ ስኳር የሚታየው ያኔ ነው። ሁለቱም 180 ስለሆኑ እንዳታምታታቸው፣ አንዱ ሊትር ሌላው ሚሊግራም መሆኑን አደራ ብለዋታል። ምሳሌ የሚጠቅመው እንዲህ የት ላይ እንደሚሰበር የሚነግር ሰው ሲገኝ ነው።

ቁጥር 24 ግን አልተዋጠለትም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ተረድቶ እዚያ ቃል ማጣት ይመጣል አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቁጥር 25 ላይ የአንለሷ ልጅ (ቁጥር 17) መለሰችለት። ጠያቂዋ በአማርኛው ማቆም እንደሌለባት፣ በአማርኛ ከተናገረች በኋላ ያንኑ በሦስት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፣ ከመጽሐፉ ሳትገለብጥ፣ በራሷ ቃል መጻፍ እንዳለባት ነገረችው። መጀመሪያ ሰዋስዉ ሊበላሽ ይችላል፤ ሃሳቡ ግን የራሷ ነው። ከዚያ የመጽሐፉን ቃል አይታ የጎደለውን ታስተካክላለች።

ከ26 እስከ 28 ክሩ ወጣ አለ። አንዱ ይህ ሁሉ ለማን ነው፣ የፎቶኮፒ ዋጋ በዚህ ከቀጠለ የሚዘጋም የሚከፈትም ሃንድአውት አይኖርም አለ፤ ሁሉም በስልክ ፒዲኤፍ እያነበበ ነው። ሌላው በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ 54 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርመራ አስታወሰ፤ ከወረቀት ያነበበ ከስክሪን ካነበበው በመጠኑ እንደሚሻል፣ ልዩነቱም ጊዜ ሲጠብ እንደሚሰፋ። ስለዚህ ገንዘብ ለሌለው ሰው ያቀረበው ሃሳብ ፒዲኤፉን በስልክ አንብቦ ማስታወሻውን በእጅ ወረቀት ላይ መያዝ ነው፤ ይሄ ያስኬዳል። ሦስተኛዋ ደግሞ ላይብረሪ ወንበር ላይ ነጠላና ደብተር አስቀምጠው ለሦስት ሰዓት ምሳ ስለሚወጡ ሰዎች አማረረች። እውነቷን ነው። ግን ሌላ ክር ይከፈትበት።

ቁጥር 29 ባለፈው ዓመት የተመረቀ ልጅ ነው። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም የዲግሪ ትምህርቶች ከሆነ ወዲህ፣ ለማለፍ 50 ከመቶ ማምጣት ግድ ነው። ለየሴሚስተሩ ፋይናል ብቻ እያነበበ የመጣ ሰው የአንደኛና የሁለተኛ ዓመቱን ኮርስ ሲከፍት እንግዳ ሆኖ እንደሚያገኘው ነገረን። እሱን ያዳነው ሁለተኛ ዓመት ላይ የጀመረው ልማድ ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት ያለፈውን ሳምንት ሁሉ ሳያይ ይጽፋል፤ በወር አንዴ የወሩን፣ በሴሚስተር ማብቂያ የሴሚስተሩን። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ ያጠናነው በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ክለሳ በማግስቱ ቢሆን እንደሚሻል፣ ቀጣዮቹ ግን እየራቁ ሊሄዱ እንደሚችሉ ጨመረ። ቁጥር 4 እዚህ ላይ አንድ አውራ ጣት ብቻ አደረገ።

ቁጥር 30 እንደገና ጠያቂዋ ናት። አሁን ላይብረሪ የምትቆየው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ትተኛለች። በቀን የምታነበው ገጽ በግማሽ እንደቀነሰ፣ ይህም ከሌሎቹ ወደኋላ የቀረች እያስመሰላት እንደሚያስፈራት ሳትደብቅ ጻፈች። ሚዷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ችግሩ ከጭንቅላቷ እንዳልሆነ ግን አሁን ታምናለች። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏታል። ኢኮኖሚክስ የምትማረው ጓደኛዋ ወደ ቤቷ ስለሄደች የምትነግረው ሰው የላትም።

ቁጥር 31 የቴዎድሮስ ካምፓሱ ልጅ ነው፤ ያ በንዴት የጻፈው። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ጃንተከል ዋርካ ሥር እንደሚጠብቃት፣ እሱ የኬሚስትሪውን ምዕራፍ እንደሚነግራት፣ እሷ ደግሞ ስለ ልብ የሚያወራውን ምዕራፍ እንድትነግረው፣ ሃንድአውት ይዞ መምጣት ግን ክልክል እንደሆነ ጻፈ። ሌላ የሚመጣ ካለ በሩ ክፍት ነው ብሏል። እኔ የማነበው ኮርስ የለኝም፤ ለመስማትና ለመጠየቅ ግን እሄዳለሁ።